የትኛውን ዓሣ ነው የምናድነው? ዘረመል፣ የመስክ ሥራና ሕግ በአንድ ወንዝ ላይ

ሕግ አንድን ዓሣ ከመጥፋት ለመጠበቅ ከሁሉ አስቀድሞ ስሙን ይጠይቃል። የትኛው ዝርያ ነው፣ የት ይኖራል፣ ምን ያህል ቀርቷል የሚሉት ጥያቄዎች መልስ ካላገኙ ዓሣው በጥበቃ መዝገብ ላይ አይሰፍርም፣ በጀት አይመደብለትም፣ ግድብ የሚሠራ ወይም ውኃ የሚጠልፍ አካልም ስለ እርሱ እንዲጨነቅ አይገደድም። በተፈጥሮ ውስጥ ግን የዝርያ ወሰን ሁልጊዜ በግልጽ የተሰመረ አይደለም፤ ዓሦች ከአንዱ ወንዝ ወደ ሌላው ሲኬድ በጥቂት በጥቂቱ እየተለያዩ ይሄዳሉ፣ ዘመድ ከሆኑ ዝርያዎች ጋር ይዳቀላሉ፣ ሰውም ከቦታ ቦታ ያዛውራቸዋል። የዘረመል ሳይንስ ወደዚህ ሥራ ሲገባ ብዙዎች የጠበቁት ወሰኑን አጥርቶ እንዲያሳይ ነበር። በተግባር ግን ተሰምሮ የኖረውን መስመር ያደበዘዘበት ወይም ወደ ሌላ ስፍራ ያዛወረበት ጊዜ ብዙ ነው፤ አስቸጋሪውም ሆነ ጠቃሚው የሥራው ክፍል የሚጀምረው ከዚያ ላይ ነው።

ጉዳዩ የጥቂት ብርቅዬ ዓሦች ብቻ አይደለም። ከሚታወቁት የዓሣ ዝርያዎች ግማሽ ያህሉ የሚኖሩት ከምድር ገጽ አንድ በመቶ እንኳ በማይሸፍኑት ወንዞች፣ ሐይቆችና ረግረጋማ ስፍራዎች ውስጥ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመ ዓለም አቀፍ ግምገማ ከእነዚህ ዓሦች 26 በመቶ ያህሉ የመጥፋት አደጋ እንደተጋረጠባቸው አሳይቷል። በቻይናው ያንግትዜ ወንዝ ይኖር የነበረው ግዙፉ ፓድልፊሽ በሕይወት ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ2003 ሲሆን መጥፋቱ በይፋ የተመዘገበው በ2022 ነው። አጥኚዎች በኋላ መረጃውን መልሰው ሲያሰሉ ግን ዓሣው በበቂ ሁኔታ ሊራባ የማይችልበት ደረጃ ላይ የደረሰው ገና በ1993 ገደማ እንደነበር ደርሰውበታል። ስለዚህ አሥር ዓመት ሙሉ አልፎ አልፎ በመረብ ይያዝ የነበረው ዓሣ ተተኪ የማይኖረው የመጨረሻው ትውልድ ነበር ማለት ነው።

ስምን የማጣራት ነገር ምን ያህል ውጤት እንዳለው ከሚያሳዩት ታሪኮች ሁሉ የኮሎራዶው የትራውት ዓሣ ታሪክ የሚበልጥ አይመስለኝም። በዚህ የአሜሪካ ግዛት ከሮኪ ተራሮች በስተ ምሥራቅ ባሉ ጅረቶች ይኖር የነበረ «ግሪንባክ» የተባለ የትራውት ንዑስ ዝርያ በ1930ዎቹ ጠፋ ተብሎ ከታመነ በኋላ፣ በ1950ዎቹ ራቅ ባሉ ጅረቶች ውስጥ የተረፉ ጥቂት ስብስቦች ተገኙ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ባሉት አሥርት ዓመታት የመንግሥት ባለሙያዎች እነዚህን ዓሦች እያራቡ በበርካታ ጅረቶችና ሐይቆች ለቀቁ፤ ከውጭ የገቡ ትራውቶችን እያስወገዱ ስፍራ አዘጋጁላቸው፤ ሥራው ለሌሎችም አርአያ የሚሆን ስኬት ተደርጎ ይጠቀስ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ የዲኤንኤ ጥናት ግን ግሪንባክ ናቸው ከተባሉት ዘጠኝ ስብስቦች አምስቱ በእርግጥ ከተራሮቹ በስተ ምዕራብ የሚኖር የሌላ ንዑስ ዝርያ አባላት መሆናቸውን አመለከተ።

በ2012 የወጣው ሁለተኛ ጥናት ነገሩን ይበልጥ አወሳሰበው። አጥኚዎቹ ሰው ዓሣን ከተፋሰስ ተፋሰስ በብዛት ማዘዋወር ከመጀመሩ በፊት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተይዘው በቤተ መዘክሮች አልኮል ውስጥ ከተቀመጡ ዓሦች የተበጣጠሰ ዲኤንኤ አውጥተው ካነበቡ በኋላ፣ የጥንቱን ካርታ ዛሬ በሕይወት ካሉት ጋር አነጻጸሩ። ውጤቱም ከተራሮቹ በስተ ምሥራቅ ያለው የሳውዝ ፕላት ወንዝ ተፋሰስ ነባር ዓሣ፣ ማለትም እውነተኛው ግሪንባክ፣ በዱር የተረፈው በአንድ ቦታ ብቻ መሆኑን አሳየ፤ ያም ቦታ ቤር ክሪክ የተባለ ትንሽ ጅረት ነው። የሚያስገርመው ጅረቱ ከዓሣው ጥንተ መኖሪያ ተፋሰስ ውጭ መሆኑ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አካባቢ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት እንግዶቹ እንዲያጠምዱ ብሎ ዓሣ አምጥቶ ጨምሮበት ነበር። ዓሣ የሚጠብቅ ሰው ያላሰበውን አንድ ነጋዴ ለራሱ ጥቅም ብሎ አደረገው።

ከዚህ ታሪክ «የቀድሞዎቹ ባለሙያዎች ተሳሳቱ» የሚል መደምደሚያ የሚያወጡ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን ፍርዱ የተቻኮለ ይመስለኛል። የመስክ ሠራተኞቹ ዓሣን የሚለዩት በነጠብጣቡ ብዛትና መጠን፣ በቅርፊቱ ቁጥርና በሚኖርበት ስፍራ ነበር፤ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የትራውት ጫጩቶች ማን የት እንደጣላቸው ሳይታወቅ በየጅረቱ በተለቀቁበት አገር እነዚህ መለያዎች በቂ አልነበሩም። ቁም ነገሩ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ከቤር ክሪክ የተወሰዱ ዓሦች በማራቢያ ጣቢያ ተራብተው ወደ ጥንተ ተፋሰሳቸው ተመለሱ፤ ኸርማን ገልች በተባለ ጅረት የተለቀቁትም በራሳቸው መራባታቸው በ2022 ተገለጸ። ለዚህ ደግሞ በየዓመቱ ጅረቱን በእግር እየወጡ፣ በቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት ዓሦቹን ለአፍታ አደንዝዘው እየያዙ፣ ምልክት የሌለው፣ ማለትም እዚያው የተወለደ ታናሽ ዓሣ የሚፈልጉ ሰዎች ያስፈልጉ ነበር። ቤተ ሙከራው የትኛው ዓሣ እንደሆነ ነገራቸው እንጂ ዓሣው በአዲሱ ውኃ ክረምቱን ማለፍ አለማለፉን ሊነግራቸው አይችልም።

ዘረመል ከስም በተጨማሪ ሌላም ነገር ይለካል፤ እርሱም በአንድ ስብስብ ውስጥ የቀረው የውርስ ልዩነት ነው። እያንዳንዱ ዓሣ ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ የሆኑ ሁለት የውርስ ቅጂዎችን ይይዛል። ስብስቡ ትንሽ ሲሆን ዘመዳሞች መዳቀላቸው አይቀርም፤ ሁለቱ ቅጂዎች ተመሳሳይ እየሆኑ ይመጣሉ፤ ቀድሞ በጤናማው ቅጂ ይሸፈን የነበረ ጎጂ ለውጥም ሁለቱንም ሲይዝ ጉዳቱን ይገልጣል። ይህ ልዩነት የሚጠፋበት ፍጥነት የሚወሰነው በውኃው ውስጥ ባሉት ዓሦች ቁጥር ሳይሆን በእርግጥ ዘራቸውን በሚያስተላልፉት ቁጥር ነው። ሳይንቲስቶች ይህን ቁጥር ውጤታማ የስብስብ መጠን ይሉታል። ውጤታማው መጠን 50 ሲሆን በእያንዳንዱ ትውልድ ከልዩነቱ አንድ በመቶ ያህል ይጠፋል፤ 500 ሲሆን ግን ኪሳራው ወደ አንድ ሺኛ ይወርዳል። ከ1980 ጀምሮ በመስኩ የሚታወቀው «50 እና 500» የሚባለው መመሪያ መነሻው ይኸው ነው። አንዲት ሴት ዓሣ በሺዎች፣ አንዳንዷም በሚሊዮኖች የሚቆጠር እንቁላል ስለምትጥል፣ በአንድ ዓመት ዕድል የቀናቸው ጥቂት ወላጆች ትውልዱን በሞላ ሊያስገኙ ይችላሉ፤ በዚህ ምክንያት በመረብ ቆጠራ ብዙ የሚመስል ስብስብ በዘረመል ዓይን ሲታይ በጣም ጥቂት ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

በኔቫዳ በረሃ፣ ዴቪልስ ሆል በተባለ በውኃ የተሞላ ዋሻ ውስጥ ብቻ የሚኖረው ትንሹ ፐፕፊሽ የዚህ ነገር ጥግ ነው። ውኃው 33 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሙቀት አለው፣ ኦክስጅኑ አነስተኛ ነው፣ ዓሦቹ የሚመገቡትና እንቁላል የሚጥሉትም በዋሻው አፍ አጠገብ ባለች ጥቂት ሜትር በምትሰፋ ጥልቀት የሌላት ደረጃ ላይ ነው። ጠላቂዎች በየጊዜው ወርደው አንድ በአንድ ይቆጥሯቸዋል። በ2013 ጸደይ 35 ብቻ ተቆጥረው ነበር፤ በ2024 ጸደይ ቁጥራቸው 191 ደርሶ ተስፋ ሰጠ፤ ከዚያም የመሬት መንቀጥቀጥ በዋሻው ውስጥ ያስነሣው ማዕበል ምግባቸውንና እንቁላላቸውን ከደረጃዋ ላይ ጠርጎ ስለወሰደ በ2025 መጀመሪያ ወደ 38 ወረዱ። በ2022 የታተመ የጂኖም፣ ማለትም የጠቅላላ ዲኤንኤያቸው፣ ጥናት በአማካይ 58 በመቶ የሚሆነው የጂኖማቸው ክፍል ሁለቱ ቅጂዎች የማይለያዩበት እንደሆነ አሳይቷል። በ1980 ተይዞ የተቀመጠ ናሙናም ከዚህ ጋር ተቀራራቢ ሆኖ በመገኘቱ፣ መጥበቡ ሰሞኑን የመጣ እንዳልሆነ ታውቋል። እንዲህ ያለ ዓሣ ይህን ያህል ዘመን መኖሩ በቁጥር ብቻ ለሚፈርድ ሰው ተግሣጽ ነው፤ ሆኖም ለማንም ምሳሌ ይሁን የሚባል አይደለም፣ ምክንያቱም ነገ ለሚመጣ አዲስ በሽታ ወይም የሙቀት ጭማሪ መልስ የሚሆን የውርስ ክምችት የለውም።

ይህ ዓሣ እስከ ዛሬ መቆየቱን ደግሞ በከፊል ያገኘው ከፍርድ ቤት ነው። በአቅራቢያው ያለ እርሻ የከርሰ ምድር ውኃ በፓምፕ በመሳቡ የዋሻው ውኃ ዝቅ እያለ፣ የመራቢያዋም ደረጃ ልትጋለጥ በተቃረበች ጊዜ ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በ1976 ፍርድ ቤቱ ዓሣው እንዲኖር የሚያስፈልገው የውኃ ከፍታ እንዲጠበቅ፣ መሳቡም በዚያ ልክ እንዲገደብ ወሰነ። ውሳኔው ሊሰጥ የቻለው ውኃው ስንት ሴንቲ ሜትር ሲወርድ ስንት የመራቢያ ቦታ እንደሚደርቅ በቁጥር ሊያስረዱ የሚችሉ ሰዎች ቀድመው በቦታው ለዓመታት ይለኩ ስለነበር ነው።

የመስክ ሥራው ራሱ ባለፉት ዓመታት ተለውጧል። ትልቁ ለውጥ የአካባቢ ዲኤንኤ የሚባለው ዘዴ ነው፤ ዓሣ ከቆዳው፣ ከንፍጡና ከኩሱ ጋር ወደ ውኃው የሚያራግፈውን ዲኤንኤ አንድ ሁለት ሊትር ውኃ አጣርቶ በማንበብ፣ ዓሣውን ሳያዩና ሳይነኩ በስፍራው መኖሩን ማወቅ ይቻላል። ጥልቅና ደፍራሽ በሆነ ውኃ ውስጥ የሚኖሩ፣ ቁጥራቸው የተመናመነና መረብ ሲነካቸው የሚሞቱ ዓሦችን ለሚፈልግ ሰው ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን ወንዝ ዲኤንኤን ኪሎ ሜትሮችን ያህል ሊያወርድ ስለሚችል የተገኘው ምልክት ዓሣው የት እንዳለ በትክክል አይናገርም፤ ዓሣው ሕያው ይሁን ሙት፣ ጫጩት ይሁን እንቁላል የያዘች እናት፣ ንጹሕ ዘር ይሁን ዲቃላም አይለይም። ስለዚህ ዘዴው መረቡን የት መጣል እንደሚገባ ያመለክታል እንጂ መረቡን አይተካም።

ሁሉም የሚመኘው ቀላል መፍትሔ በማራቢያ ጣቢያ አራብቶ መልቀቅ ነው፤ በጥርጣሬ ሊታይ የሚገባውም ይኸው ነው። በኦሪገን ሁድ ወንዝ በስቲልሄድ ትራውት ላይ የተደረገውና በ2007 የታተመው ጥናት፣ ዓሣው በጣቢያ ባደገ በእያንዳንዱ ትውልድ በዱር የመራባት ብቃቱ 40 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ምክንያቱ ለመረዳት አያዳግትም፤ በገንዳ ውስጥ የሚመረጠው ምግብ ከላይ ሲበተን ቀድሞ የሚደርስ ነው፣ በወንዝ ውስጥ ደግሞ ያው ጠባይ ለወፍ መንቁር ይዳርጋል። ይህን ጉዳት ለመቀነስ በካሊፎርኒያ የሳን ፍራንሲስኮ የወንዝ አፍ አካባቢ ብቻ የሚኖረው፣ ዕድሜው በአብዛኛው ከአንድ ዓመት የማያልፈው ደልታ ስሜልት የተባለ ትንሽ ዓሣ የሚያራባው ጣቢያ ከእያንዳንዱ ዓሣ ክንፍ ላይ ትንሽ ቁራጭ ወስዶ በዲኤንኤ የዘር ሐረጉን ይከታተላል፤ ወንዱን ከሴቷ የሚያጣምረውም ዝምድናቸው ሲርቅ ነው፤ በተገኘ ጊዜ ሁሉ ደግሞ ከዱር የተያዙ ዓሦችን ይጨምራል። የጣቢያው ስብስብ ከ2008 ጀምሮ እንደ መጠባበቂያ ተይዞ ከቆየ በኋላ ለሙከራ መለቀቅ የጀመረው በ2021 ማብቂያ ነው። የዱሩ ዓሣ እየጠፋ ሲሄድ ግን «ከዱር መጨመር» የሚለው ሕግ ራሱ የማይፈጸም ይሆናል፤ ጣቢያው ምን ያህል ጥሩ ቢሠራ ወንዙ ውስጥ የሚቀረው ውኃ ጉዳይ ከእጁ ውጭ ነው።

ሌላው ፈታኝ ጉዳይ መዳቀል ነው። በሞንታና ፍላትሄድ ወንዝ ተፋሰስ ነባሩ ትራውት ከውጭ ከመጣው ሬንቦ ትራውት ጋር ሲዳቀል፣ ከባዕዱ 20 በመቶ ያህል የዘር ድርሻ ብቻ የመራባት ብቃቱን በግማሽ ገደማ እንደሚቀንሰው በ2009 የወጣ ጥናት አረጋግጧል። በአንጻሩ በቅርብ ዘመድ መዳቀል የደከመ ትንሽ ስብስብ ከሌላ ወንዝ በመጡ የራሱ ዝርያ ዓሦች ሊያገግም ይችላል። አንዱ መርዝ፣ ሌላው መድኃኒት ይመስላል፤ ልዩነቱ ያለው ሁለቱ ስብስቦች ከተለያዩ ምን ያህል ዘመን እንደሆነና የለመዱት ውኃ ምን ያህል እንደሚመሳሰል ላይ ነው። ሕግ አውጪዎች «ስንት በመቶ ሲዳቀል ነው ጥበቃው የሚቀርለት?» ብለው ሲጠይቁ አንድ ቁጥር ቢሰጣቸው ደስ ይላቸዋል፤ ሳይንሱ ግን ለሁሉም ወንዝ የሚሆን አንድ ቁጥር የለውም።

እዚህ ላይ ምሳሌዎቼ ወደ አሜሪካ ማጋደላቸውን አንባቢ ሳያስተውል አይቀርም። ምክንያቱ በዚያ አገር የ1973ቱ የጥበቃ ሕግ ማንኛውም ዜጋ በዓሣ ስም ክስ እንዲመሠርት ስለሚፈቅድ፣ ክርክሩ ሁሉ ተጽፎ መቅረቱ ነው። የእነዚህ ክርክሮች እናት በቴነሲ የተደረገው ነው። በ1973 በሊትል ቴነሲ ወንዝ የተገኘው ስኔይል ዳርተር የተባለ ትንሽ ዓሣ ሊጠናቀቅ የተቃረበውን የተሊኮ ግድብ አስቆመ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1978 ሕጉ ለዓሣው እንደሚፈርድ አረጋገጠ። በቀጣዩ ዓመት ግን የአገሪቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ግድቡን ከሕጉ ነጻ አደረገውና የግድቡ በሮች ተዘግተው ውኃ ተጠራቀመበት። ዓሣው ወደ ሌሎች ወንዞች በመዛወሩና ሌሎች ስብስቦችም በመገኘታቸው ከመጥፋት ተርፎ በ2022 ከመዝገቡ ተሰረዘ። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ በ2025 የወጣ የጂኖም ጥናት ዓሣው ራሱን የቻለ ዝርያ ሳይሆን በሌላ አካባቢ የሚገኝ የአንድ የታወቀ ዝርያ የምሥራቅ ስብስብ ነው አለ። ይህን የሰሙ አንዳንዶች «ታዲያ ያ ሁሉ ክርክር ለምን ነበር?» ብለዋል። ይሁንና ሕጉ ከ1978 ማሻሻያ ወዲህ የአከርካሪ አጥንት ያላቸውን እንስሳት ከዝርያ በታች በተለየ ስብስብ ደረጃም ይጠብቃል፤ ከሌሎቹ ተነጥሎ የሚኖር ስብስብ ስሙ ቢለወጥም ሊጠፋ የሚችል ነገር መሆኑ አልተለወጠም።

ከአንድ አገር አልፎ ሲሄድ ነገሩ መልኩን ይቀይራል። የአውሮፓ ኢል የተባለው እባብ መሰል ዓሣ በየወንዙ ያድግና ለመራባት በአትላንቲክ ውቅያኖስ ወዳለው ሳርጋሶ ባሕር ይጓዛል፤ የዘረመል ጥናቶች በአህጉሩ ያሉት ሁሉ አንድ የመራቢያ ስብስብ መሆናቸውን አሳይተዋል። ስለዚህ አንድ አገር ወንዙን አጽድቶ ያሳደገውን ኢል ልጆች የሚያገኘው ያ አገር ላይሆን ይችላል፤ የአውሮፓ ኅብረት በ2007 ለአባላቱ ሁሉ የጋራ ደንብ ያወጣው፣ ዓለም አቀፍ ንግዱም በስምምነት ቁጥጥር ሥር የገባው ከዚህ ጋር በተያያዘ ነው። በ2022 በሞንትሪያል የጸደቀው ዓለም አቀፍ የብዝኃ ሕይወት ማዕቀፍ ደግሞ በየዝርያው ውስጥ ውጤታማ መጠናቸው ከ500 በላይ የሆኑ ስብስቦች ድርሻ እንዲለካ ጠይቋል። ብዙ አገሮች ዲኤንኤ የማንበብ አቅም ስለሌላቸው ለመራባት የደረሱ 5,000 ገደማ ዓሦች መኖራቸውን እንደ ምትክ መለኪያ መውሰድ ይቻላል፤ ይህም ግምታዊ ቢሆንም ከምንም ይሻላል።

ዘረመል፣ የመስክ ሥራና ሕግ አንድ ላይ ሲጋጩና ሲገናኙ በጉልህ የታየው ከኦሪገን ወደ ካሊፎርኒያ በሚፈሰው በክላማት ወንዝ ነው። የቺኑክ ሳልሞን ዓሦች ከባሕር ወደ ወንዝ የሚገቡበት ጊዜ ይለያያል፤ ገና ሳይጎለምሱ ቀድመው የሚገቡት ወደ ላይኛው ቀዝቃዛ ውኃ ወጥተው በጋውን እዚያ ይጠብቃሉ፣ ሌሎቹ ዘግይተው ገብተው ወዲያው እንቁላል ይጥላሉ። ለረጅም ጊዜ ቀድሞ መግባት በየወንዙ በቀላሉ ደጋግሞ የሚፈጠር ጠባይ ነው ተብሎ ስለታመነ፣ ሁለቱ በአንድ የጥበቃ ክፍል ተደምረው ይታዩ ነበር። በ2017 የወጣ ጥናት ግን ልዩነቱ በአንድ የጂኖም ስፍራ ላይ ካለ ለውጥ ጋር በጥብቅ የተያያዘ መሆኑን አሳየ። ከዚያ ስፍራ ቀድሞ የሚያስጉዘው ቅጂ ከጠፋ ተመልሶ የሚፈጠርበት ተስፋ በጣም ጠባብ ነው። ሁለቱንም ቅጂዎች የያዙ ዓሦች በመካከለኛ ጊዜ ስለሚጓዙ፣ ግድብ ቀዳሚዎቹን ሲጎዳ እነርሱንም አብሮ ይጎዳል፤ ስለዚህ ቅጂው በእነርሱ ውስጥ ተደብቆ ይቆያል ብሎ መተማመንም አይቻልም። የካሩክ ነባር ሕዝብ ቀዳሚዎቹ ለብቻቸው ጥበቃ እንዲያገኙ አቤት አለ፤ የካሊፎርኒያ ግዛት የዓሣና የአደን ኮሚሽንም በ2021 ተቀበለው። በፌዴራል ደረጃ ግን አንድ የዘረመል ስፍራ ብቻውን የጥበቃ ክፍል ሊፈጥር ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ሳይንቲስቶችን ራሳቸውን ይከፋፍላል፤ እንዲህ ከተጀመረ እያንዳንዱ ጠባይ የራሱ መዝገብ ይፈልጋል የሚለው ስጋት መሠረት የለውም ማለት አይቻልም።

ክርክሩ ሳያልቅ ወንዙ ተከፈተ። የዩሮክ፣ የካሩክና ሌሎች ነባር ሕዝቦች ለሁለት አሥርት ዓመታት ከታገሉ በኋላ፣ ከመቶ ዓመት በላይ የዓሣውን መንገድ የዘጉት አራት ግድቦች በ2023 እና በ2024 ፈርሰው ተነሡ፤ በኦክቶበር 2024 የመስክ ሠራተኞች ከቀድሞዎቹ ግድቦች በላይ በኦሪገን ግዛት ሳልሞን ሲራባ አዩ። የተመለሱት ግን ዘግይተው የሚገቡት ናቸው። በላይኛው ተፋሰስ ከተገኙ የጥንት ዘመን የሳልሞን አጥንቶች መካከል ቀድሞ የሚያስጉዘውን ቅጂ የያዙ እንዳሉ ተረጋግጧል፤ ከግድቦቹ በታች በነበሩ አንዳንድ ገባሮች ግን ዛሬ ቅጂው ሊጠፋ ተቃርቧል። የኦሪገን ዕቅድ ዘግይተው የሚገቡትን በራሳቸው እንዲስፋፉ ትቶ፣ ቀድመው የሚገቡትን በሰው እጅ መልሶ ማስገባት ነው። ለዚህ ምንጭ የሚሆኑት ዓሦች ከየት ተፋሰስ እንደሚመጡ፣ ቅጂውን መያዛቸው በዲኤንኤ እንደሚረጋገጥና የሚወሰዱበት ወንዝ ያለውን ትንሽ ስብስብ እንዳያራቁት ስንት ብቻ እንደሚወሰድ መወሰን የሚቀጥለው ሥራ ነው።